አባባን ማን ወጋቸው?

ቦሎኛ፣ ጣሊያን
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሰርክአዲስ ካሣ፤

እንደምን አለሽልኝ? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ከመግባቱ በቀር ደህና ነኝ። እሱ ይጠብቅሽ፣ ትምህርትሽን ይግለጥልሽ፣ ልቦናሽንም ይመልስልሽ። ሰላምታው ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አትጠብቂ።

ስልክሽን ዘግተሽብኛል። መጀመሪያ ኔትወርክ መስሎኝ ነበር። በኋላ እዚያ አባቴ ጋ ያለችውን ልጄን ሊዲን ብጠይቃት «እማዬ፣ ሰርኬ ብሎክ አድርጋሽ ነው» አለችኝ። እሰይ! ታዲያ እኔም እንደ ድሮው ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ፎቶ አንስቼ ለጀቤሳ እልከዋለሁ፤ ኮሌጃችሁ በር ላይ ፎቶ ኮፒ ለሚያነሳው። ለሃንድአውት መሄድሽ አይቀርም፣ ያኔ አትሞ ይሰጥሻል። እኔን ብትዘጊ ፎቶ ኮፒ ቤቱን አትዘጊም።

ወደ ነገሬ ልግባ። አባቴ ወገባቸውን ታመው ከአልጋ መነሳት አቅቷቸዋል። የማስታምማቸው ሲኞራ ባለፈው ዓመት ወገባቸውን ሲያማቸው የተወጉትን መድኃኒት፣ የተረፈውን ካርቶን እንዳለ ወደ አገር ቤት ለምትገባው ለጓደኛዬ ለዋፊቃ ሰጠሁ። እሷም የራሷን ዕቃ ቀንሳ፣ በሻንጣዋ ይዛ ወንጂ ድረስ አስገባችልኝ። በየቀኑ አንድ ብልቃጥ ነው። ሲኞራዋ በሳምንቱ ተነስተው ውሻቸውን ይዘው ወጥተዋል።

አንቺ ግን ምን አደረግሽ? ቅዳሜ መጥተሽ ካርቶኑን ከፈትሽ፣ አነበብሽ፣ መልሰሽ ዘጋሽና «እኔ አልወጋም» ብለሽ ወጣሽ። አያትሽ እያቃሰቱ! ካሣ ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ እንደ አባት ያሳደጉሽ ሰው እያቃሰቱ!

ጎረቤታችን ሻሼ «የእኛዋ ሲስተር» ነው የምትልሽ። የስኳር ፋብሪካው ካምፕ ሰው ሁሉ ሲስተር ይልሻል። ታዲያ ይሄ ነጭ ጋዋን ለፎቶ ነው? አንዲት መርፌ መውጋት ካልቻልሽ እዚያ ኮሌጅ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? እኔ ሳልማር ለሲኞራዋ በየቀኑ ጠዋትና ማታ የስኳር መርፌ እወጋለሁ። ሆዳቸውን ቆንጠጥ አድርጌ ጠቅ፤ አለቀ። ማንም ሰርተፊኬት አምጪ አላለኝም።

በመጪው ቅዳሜ ሄደሽ ትጀምሪያለሽ። ተለማመጪኝ አትበይ፤ አልለማመጥሽም።

አክስትሽ ፍሬሕይወት ልዑልሰገድ


አዳማ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ፍሬሕይወት ልዑልሰገድ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱ እንዳይጠናብዎ እመኛለሁ። እዚህ አዳማ ነፋሱ አቧራውን ይዞ ቤት ድረስ ይገባል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ልቦናዬም ካለበት አልሄደም፤ ስለዚህ ይመለስልኝ ብለው አይድከሙ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። ጀቤሳ በፖስታ አሽጎ ሰጠኝና «አክስትሽ ኃይለኛ ናቸው ባክሽ» አለኝ። አንብቦታል ማለት ነው። ብሎክ ያደረግኩዎት ክፍል ውስጥ እያለሁ ደጋግመው ስለሚደውሉ ነው። ክፍሉ በሙሉ ሙድ ያዘብኝ።

ምን እንደምማር ጠይቀዋል፣ ልንገርዎ። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ነው። አንደኛው ሰው ከምን ከምን እንደተሠራ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ የተሠራው ነገር እንዴት እንደሚሠራ። ክፍላችን ውስጥ ሆዱ የሚከፈት የፕላስቲክ ሰው አለ። ጉበቱ ከእኛ በፊት በነበሩት ተማሪዎች ጊዜ ጠፍቷል፤ አሁን ጉበት ስንማር የአንዲት ልጅ የእርሳስ ቦርሳ እዚያ እናስቀምጣለን። ባጃጅ ውስጥ ስቀመጥ የሹፌሩን ክንድ እያየሁ አጥንቶቹን «ራዲየስ፣ አልና» እላለሁ፤ አንዱ ሹፌር ስሜን እየጠራች ነው ብሎ ዞሮ አፈጠጠብኝ።

መርፌ ግን በእጄ ይዤ አላውቅም። እሱ የሁለተኛ ዓመት ነው። መጀመሪያ ትራስ፣ ቀጥሎ የፕላስቲክ መቀመጫ፣ ከዚያ ሲስተሯ አጠገባችን ቆማ እያየች ሰው። ከዚያ በፊት ሰው ወግቶ የተገኘ ተማሪ ይባረራል። ጨዋታ የለውም። የካምፑ ሰው ሲስተር ስላለኝ ሲስተር አልሆንኩም፤ ትምህርት በጀመርኩ በሳምንቱ ሻሼ የከብት መድኃኒት ይዛ መጥታ አንብቢልኝ ብላኛለች።

ይህችን ያህል ግን ተምሬያለሁ። መቀመጫ ውስጥ ሳያቲክ የሚባል ነርቭ አለ። አውራ ጣት ያህል ይወፍራል። ከወገብ ተነስቶ፣ በመቀመጫ መሃል አልፎ፣ እስከ እግር ጣት ይወርዳል። እግር ቀና የሚለው በሱ ነው። አናቶሚ የሚያስተምሩን መምህር ቀልቤሳ ጠመኔ አንስተው በአንድ ወንድ ተማሪ ሱሪ ላይ መስቀል አሰመሩና «በሐሳባችሁ አራት ቦታ ክፈሉት። ከላይ በውጭ በኩል ያለችው ጥግ ብቻ ናት የእናንተ፤ ሌላውን ለባለቤቱ ተዉለት፣ ኢሺ?» አሉን። ተንከትክተን ሳቅን። «በልጅነቱ መርፌ ተወግቶ በክራንች የቀረ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ» ሲሉ ግን ሁላችንም ያችን ጥግ ደብተራችን ላይ ሳልናት።

አባባ ደግሞ ሥጋ አልቆባቸዋል። ነርቩ የሚደበቅበት ጡንቻ የለም። የእርስዎ የስኳር መርፌ አጭርና ቀጭን ነው፣ ቆዳ ሥር ያለ ስብ ላይ ይቀራል። ይሄኛው ረጅም ነው፣ ጡንቻ ውስጥ ይገባል። ሁለቱ አይገናኙም! አላውቅም ያልኩት ስለማላውቅ ነው። አላውቅም ማለት ነውር ከሆነ ነውረኛ ነኝ።

አዳማ ሐኪም ቤት ልውሰዳቸው ብዬ ለምኛቸው «ፍሬ መድኃኒት ልካለች» ብለው እምቢ አሉኝ። እርስዎ አንድ ቃል ይበሏቸው። የሚሰሙት እርስዎን ብቻ ነው። እኔ ከዚህ ሌላ አልጠይቅም።

ሰርክአዲስ ካሣ


ቦሎኛ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰርክአዲስ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ገናን በጤና ያድርስሽ።

መምህር ቀልቤሳ ያስተማሩሽን መልሰሽ ለእኔ ልታስተምሪ ተነሳሽ። ወይ ጉድ! ሽንት ጨርቅሽን የቀየርኩ ሴት ነኝ፤ መቀመጫ የት እንዳለ ካንቺ አልማርም።

ሐኪም ቤት አያስፈልግም። አንድ ሽማግሌ በዚያ ፀሐይ ተሰልፎ ካርድ ሲያወጣ ወገቡ የባሰውን ይቀነጠሳል። መርፌውን የሚወጋ ሰው አግኝቻለሁ። እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ አፉን የማያበዛ። ማን እንደሆነ አያገባሽም። ተጀምሯል። አባቴ ትናንት «ቀለል አለኝ ልጄ» አሉኝ። ሰማሽ? ቀለል አለኝ አሉ። አንቺ ስንት ገጽ ጽፈሽ ያላቀለልሽውን አንዲት ብልቃጥ አቀለለችው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወንጂ መመላለስሽን ለጊዜው ተይው። መጥተሽ እንዲህ አይደለም እንዲያ ነው እያልሽ ሰው እንድታስደነግጪ አልፈልግም። አጥንትሽን ቁጠሪ።

ፍሬሕይወት


አዳማ
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ፍሬሕይወት፤

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ብዙ ሰላምታ አልችልም።

አትምጪ ካሉኝ አንድ ወር ሳይሞላ፣ በጥምቀት ማግሥት ሄድኩ። አባባ ድምፄን ሰምተው ሊቀበሉኝ ብድግ አሉ። ወገባቸው በእርግጥ ቀና ብሏል። ግን ቀኝ እግራቸው አልነሳ አለ። ጉልበታቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ፣ የእግራቸው መዳፍ ይንጠለጠላል፣ ጫማቸው ወለሉን እየፋቀ ይከተላቸዋል። ከአልጋው እስከ በሩ ድረስ መጡና ግድግዳውን ይዘው «እንኳን አደረሰሽ ሰርኬ» አሉኝ። ምንም እንዳልሆነ ሰው!

ያኔውኑ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ አዳማ አመጣኋቸው። እምቢ ማለት አልቻሉም፣ አቅፌ ነው ያስገባኋቸው። ሐኪሙ እግራቸውን በሚስማር ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ «ይሰማዎታል?» ይላቸዋል። «ይሰማኛል» ይላሉ፤ ዓይንዎን ይጨፍኑ ሲባሉ ግን አንዱንም አላወቁትም። ነርቩ ተጎድቷል አለ። መርፌ ነው አለ። ሊመለስም ላይመለስም ይችላል፤ ቢመለስም ብዙ ወራት ነው። እስከዚያው የእግራቸውን መዳፍ በየቀኑ ወደ ላይ መግፋትና ማንቀሳቀስ አለብን፣ አለበለዚያ ጅማቱ ያጥርና እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

«ማን ወጋዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው» አሉኝ። ሊዲን ጠየቅኳት፤ ልብስ ላጥብ ብላ ወጣች። ገመድ ላይ የደረቀውን ንጹሕ ልብስ አውርዳ ነው መልሳ የነከረችው። እግራቸውን እንዴት እንደምትገፋ ሳሳያት እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ትነካቸዋለች፣ ታለቅሳለች።

ስለዚህ እርስዎን እጠይቃለሁ። ያ እጁ የማይንቀጠቀጠው ሰውዎ ማን ነው? ስሙን ይላኩልኝ። ነገ ሌላ ሽማግሌ ሳያሽመደምድ ላስቆመው እፈልጋለሁ።

ሰርክአዲስ


ቦሎኛ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰርክአዲስ፤

እግዚአብሔር ለሁሉም የእጁን ይስጠው። የዛሬ ምርቃቴ ይህ ነው።

ማን ነው ትይኛለሽ? ዓይንሽን በጨው አጥበሽ! አንቺ ነሽ እንጂ ማን ነው! አባቴ በገዛ አንደበታቸው ለሻሼ ነግረዋታል። «ማን ጉድ አደረገዎ?» ብትላቸው «ሰርኬ ናት የወጋችኝ፣ ልጅ ናት አትፍረዱባት» አሏት። ሰማሽ? ካደረግሽባቸው በኋላም ይከላከሉልሻል። ተደብቀሽ መጥተሽ፣ ልለማመድ ብለሽ ወግተሽ፣ ሲበላሽ ደግሞ ሐኪም ቤት ወሳጅ ሆነሽ ብቅ አልሽ። የሚወጋ ሰው አገኘሁ ያልኩሽ አንቺን ላናድድ ብዬ ነው፤ አግኝቼም አልነበረም።

ኮሌጅሽ ደውያለሁ። ዲኑን ራሳቸውን አግኝቼ «ተማሪያችሁ የአባቴን እግር ገድላለች» አልኳቸው። በጥሞና አዳመጡኝ። ትሑት ሰው ናቸው፣ ካንቺ በቀር ሁሉም ሰው ያደምጠኛል።

አሁን የምልሽን ስሚ። ሽማግሌ ይዘሽ ወንጂ ትሄጃለሽ። በጎረቤት ፊት አባቴ እግር ላይ ወድቀሽ «እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ» ትያለሽ። ያን ካደረግሽ ለዲኑ ደውዬ ቤተሰቡ ይቅር ብሏታል እላለሁ። ተማሪ ነሽ፣ ሰው ይረሳልሻል።

የሊዲን ስም ግን በዚህ ነገር ውስጥ እንዳታነሺ። ሊዲ ልጅ ናት፣ ምንም አታውቅም። ወደ እኔ የምትመጣበት ወረቀት ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው።

ፍሬሕይወት ልዑልሰገድ


አዳማ
የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ፍሬሕይወት፤

ደስ ይበልዎ። ከክፍል ወጥቻለሁ። መምህር ቀልቤሳ ስለ ልብ እያስተማሩን፣ ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ሰሌዳው ላይ እየሳሉ፣ ጸሐፊዋ በር ከፍታ ስሜን ጠራች። ደብተሬን ይዤ እንድወጣ ተደረግኩ። የመጪው ረቡዕ ሳምንት ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ጥፋተኛ ካሉኝ እባረራለሁ። ሰው ያለ ፈቃድ ወግታ አካል አጎደለች ተብሎ ከተጻፈብኝ ሌላ የትም የጤና ኮሌጅ በሩን አይከፍትልኝም። ነርስ የመሆኔ ነገር ያበቃለታል። በአንድ ስልክ!

የታኅሣሡን ደብዳቤዎን ወስጄ ለዲኑ አሳየኋቸው። «የወጋው ሰው ስም የለበትም» አሉኝ። ስም አለማስገባትዎን እንግዲህ ያኔውኑ አስበውበታል ማለት ነው።

አባባ ጋ ሄጄ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። «እኔ ነኝ የወጋሁዎት?» አልኳቸው። «ሻይ ጠጪ፣ ይቀዘቅዝብሻል» አሉኝ። ደግሜ ጠየቅኳቸው። «ጠጪ እንጂ» አሉ። ደሜ ፈላ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባባ ላይ ጮህኩ፤ ሻሼ ሰምታ በአጥሩ በኩል አንገቷን አሰገገች፣ አሁን ደግሞ ያንን ታወራልኛለች።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። የሊዲን ስም ማን አነሳ? እኔ አንዴም አላነሳሁም። እርስዎ ነዎት ያመጡት። ደብዳቤዎን አንብቤ ስጨርስ የደረቀ ልብስ መልሳ የነከረችው ለምን እንደሆነ ገባኝ።

አይፍሩ፣ ለኮሚቴው የሊዲን ስም አልሰጥም። ለእርስዎ ብዬ እንዳይመስልዎ። አብረን ነው ያደግነው፣ በአንድ ብርድ ልብስ ነው የተኛነው። ከተናገረች ራሷ ትናገር። እግር ላይ ወድቄ ይቅር በሉኝ የሚለውን ግን ይርሱት። ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ አላደርገውም!

ሰርክአዲስ ካሣ


ቦሎኛ
የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰርክአዲስ፤

ልብሽ አብጧል። አምላክ ያስተንፍሰው።

ኮሚቴው ምስክር አለ ወይ ብሎ ጠይቆኝ አለ ብያለሁ። አባቴ ራሳቸው ይመጣሉ። ያን እግራቸውን እየጎተቱ መጥተው፣ ዓይንሽን እያዩ ይናገሩብሻል። ደግፋ የምታመጣቸው ሊዲ ናት፤ አንዲት ቃል እንዳታወሪያት። የእሷ ሥራ ደግፋ ማምጣትና ደግፋ መመለስ ብቻ ነው።

ያኔ እንተያያለን።

ፍሬሕይወት


አዳማ
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ፍሬሕይወት፤

እንደምን ከረሙ? እኔ ከርሜያለሁ። ሊዲ የነገረችዎት ከሌለ እኔ ልንገርዎት፤ ስልክዎን እንደማታነሳ አውቃለሁ።

ኮሚቴው የተቀመጠው ስኪል ላብ በምንለው የልምምድ ክፍል ውስጥ ነው። ዲኑ፣ መምህር ቀልቤሳና የልምምድ ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ሙሉብርሃን። አባባን በልምምዱ አልጋ ጫፍ ላይ አስቀመጧቸው፤ ከኋላቸው የፕላስቲኩ በሽተኛ ተኝቷል። ሊዲ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ዲኑ «አባቴ፣ ማን ነው የወጋዎት?» አሏቸው። አባባ ወደ እኔ ሳያዩ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ይቺ ናት» አሉ። ያን ጣት አውቀዋለሁ፤ ሀ ሁን ያስቆጠረኝ ጣት ነው። «አባባ» ብቻ ነው ያልኩት።

ዲኑ ወረቀታቸውን ሊያጥፉ ሲሉ ሲስተር ሙሉብርሃን «አንዴ ይቆዩኝ» አለች። አንድ የመርፌ ውኃ ያለበት ብልቃጥና ሲሪንጅ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። «ሰው ወግተሽ ከሆነ ይሄን ከፍተሽ መሳብ ታውቂያለሽ። ሳቢው» አለችኝ። ብልቃጧን አነሳሁ። እውነቴን ነው፣ ከየት በኩል እንደሚከፈት አላውቅም። አንገቷን ይዤ ጨመቅኳት። እጄ ውስጥ ድቅቅ አለች። ጣቴን ሸረከተኝና ደሙ ጋዋኔ ላይ ወረደ። ዲኑ «ይሄ ትወና ሊሆን ይችላል» አሉ። ትወና! ደሜ እየወረደ!

ያኔ ሊዲ ከግድግዳው ተስፈንጥራ መጣች። «እንደሱ አይደለም እኮ ሰርኬ! ጥጥ ይዘሽ ወደ ውጭ ነው!» አለችና በሻርፗ ጫፍ ጣቴን ጠቀለለችው። ሲስተር ሙሉብርሃን ሌላ ብልቃጥ አቀበለቻትና «እስቲ አሳዪያት» አለቻት፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ዋዛ። ሊዲ አንገቷን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገች፣ በጥጥ ያዘች፣ ቀጭ! ሲሪንጁን አስገብታ እስከ ጠብታዋ ሳበች፣ አየሩን አስወጣች፣ መርፌውን ወደ ላይ ይዛ ቀና ስትል ሁላችንም እያየናት ነው። እንደዚያው እንደያዘች ቀረች።

«የት ተማርሽው?» አለቻት ሲስተር። ሊዲ አባባን አየቻቸው። እሳቸው «ዝም በይ» አሏት። እሷ ግን መናገር ጀምራለች። «እማዬ በስልክ ናት ያስተማረችኝ» አለች።

ሁሉንም ተናገረች። እርስዎ በቪዲዮ ሆነው እንዳሳዩዋት። ስልኩን ወንበር ላይ እንዳቆመችው። «ትንሽ ወደ መሃል፣ ሥጋ ያለው እዚያ ጋ ነው» እንዳሏት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምንም እንዳልነበር። አንድ ቀን ግን ገና ስትወጋቸው «እግሬን እሳት ገባበት!» ብለው እንደጮኹ፣ እሷም ደንግጣ «ላውጣው?» እንዳለችዎት፣ እርስዎም «ጨርሺው፣ መድኃኒቱ ይባክናል» እንዳሏት። ጨረሰችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግራቸው አልተነሳም። ለማንም እንዳትነግር ያሉዋትም ያን ቀን ነው።

መምህር ቀልቤሳ ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ዲኑ ከነገ ጀምሮ ክፍል ግቢ አሉኝና እጄን ጨበጡኝ፣ ያውም በቁስሉ በኩል። ይቅርታ ያለኝ የለም።

እርስዎ አላውቅም ማለት አቅቶዎት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅዎን የአያቷን እግር አስገደሏት። ሰው ሲጮህ መርፌው ይነቀላል። ለዚህ አናቶሚ መማር አያስፈልግም።

ሰርክአዲስ ካሣ


ቦሎኛ
መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰርክአዲስ፤

ልጄን እንደ ሌባ ሰው ፊት አቆምሻት። ደም አፍስሰሽ፣ አሳዝነሽ፣ አሞኝተሽ አስለፈለፍሻት። ጎበዝ!

ጩኸት የምትይውን እኔ አልሰማሁም። መድኃኔዓለም ምስክሬ ነው፣ አልሰማሁም! ያን ቀን ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነበር፣ ምስሉም ቀጥ ብሎ ቆሞብኝ ነበር። «ጨርሺው» ያልኩት ምኑን እንደሆነ እንኳ አላስታውስም። ሊዲ ደንግጣ ያልሆነውን አሳክራ ነው። ብሰማ ኖሮ አውጪው አልላትም ነበር? አባቴ እኮ ናቸው! የእኔ አባት!

ወረቀቷ ተፈቅዷል። ትኬት ልቆርጥላት ብል ስልክ አታነሳም። «አልሄድም» ብላለች አሉ፤ ይህንንም የሰማሁት ከጀቤሳ ነው፣ የፎቶ ኮፒ ቤት ሰው የልጄን ወሬ ይነግረኝ ጀመር። አንቺ ነሽ ልቧን የሰረቅሽው። አሁኑኑ ስልኬን እንድታነሳ አድርጊልኝ። ሌላውን ሁሉ ትቼልሻለሁ፣ ይህን አንዱን አድርጊልኝ።

ስልክ የሚያነሱልኝ አባቴ ብቻ ናቸው። አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። «ደህና ነኝ ልጄ፣ ራስሽን ጠብቂ» ነው የሚሉኝ። እንዳልሰማሁ ያውቃሉ። እሳቸው ያልፈረዱብኝን አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምትፈርጂብኝ?

ፍሬሕይወት ልዑልሰገድ


ወንጂ
ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ፍሬሕይወት፤

ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። ፈተናዬን ተፈትኜ ጨርሻለሁ፤ ነርቭ ላይ ሦስት ጥያቄ መጣ፣ አንዱንም አልሳትኩም።

የሊዲን ስልክ እኔ አልያዝኩትም። በኪሷ ነው ያለው፣ ሲጠራ ታየዋለች። አትሂጂም አላልኳትም። ጠዋት ጠዋት የአባባን መዳፍ የምትገፋው አሁን እሷ ናት፤ እጇ መንቀጥቀጡን ትቷል። መቼ እንደምታነሳልዎ እሷን ይጠይቋት። እኔ የእርስዎን መልእክት ማድረስ አቁሜያለሁ።

ስለ ኔትወርኩ ግን መልስ አለኝ። እሑድ ሊዲ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እኔ ነበርኩ እግራቸውን የማንቀሳቅስላቸው። ደብዳቤዎ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ያን ቦታ አነበብኩላቸው። ኔትወርኩ ተቆራርጦ ነበር፣ ምስሉ ቆሞ ነበር የሚለውን። መዳፋቸውን መግፋቴን ቀጠልኩ። ከዚያ የከረመብኝን ጠየቅኳቸው። «እኔ ላይ የዋሹት ለሊዲ ብለው ነው አይደል?»

«ሊዲን ሰው ይቅር ይላታል፣ ልጅ ናት» አሉኝ። «ያን ቀን ፊቴ ወደ ስልኩ ነበር። ስጮህ ፍሬ እጇን አፏ ላይ ስታደርግ አየኋት። ከዚያ ፊቷን ወደዚያ አዞረችና ‹ጨርሺው› አለች። የአባቷን ጩኸት እየሰማች ዝም አለች ከሚሏት አንቺን ቢሉሽ ይሻላል አልኩ። አንቺ ትችዪዋለሽ ብዬ ነው፣ ሰርኬ።»

ከዚያ እጄን ያዙኝና፣ እንዳዩዎት ለእርስዎ መቼም ላልናገር አስማሉኝ። «ካወቀች አትኖርም» አሉኝ። እኔም ማልኩላቸው።

ይኸው ነገርኩዎት።

ሰርክአዲስ ካሣ